የትዕዛዝ ወረቀት

በጋው ሊያልቅ ነው፤ ትምህርት ሊከፈት አምስት ቀን ቀረው፤
ከወደቡ የሚነሣ የዓሣ ዱቄት ሽታ ታልካዋኖን ወረረው።
ዶኛ ኤልሳ፣ የሒሳብ ሹሟ፣ ወረቀት ሰጠችኝ፤
«መምህር ሪፎ፣ የሚያስፈልገውን ጻፍ፤ ግን በልክ» አለችኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ደግ ነገር ነው፤
የቅጠሉን ዋጋ ግን ተናጋሪው መች ጠየቀው?

ከዐይን ጀመርኩ፤ ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ ስድሳ አራት ዐይን፤
ለመጋዝ ጥርስ፣ ለቶርኖ ቀበቶ ይሸጣል፤ ማን ይሸጣል ብሌን?
ርካሹን መነጽር አነሣሁት፤ ጎኑ ክፍት ነው፣
ብናኝ በጓሮ በር እንዲገባ የተተወ ነው።
ውዱ ዙሪያውን ይዘጋል፤ በትንፋሽ ግን ጉም ይለብሳል፤
ጉም የለበሰውን ደግሞ ልጅ ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፤
ግንባር ላይ የተሰቀለ፣ የሚጠብቀው ግንባርን ነው።
መካከለኛውን ጻፍኩ። ሠላሳ አራት። ሁለቱ ለሚጠፋው።

ከዚያ ጆሮ። ጆሮን ሰው ይረሳዋል፤ ሲጎዳ አይደማም፤
አባቴ ሠላሳ ዓመት መርከብ ጠገነ፤ ቤት ሲገባ አይሰማም።
እናቴ በሹክሹክታ ልትነግረው ያሰበችው ሁሉ ቀረባት፤
ጮኸው የማይናገሩት ነገር አለ፤ እርሱ ሆዷ ውስጥ ሞተባት።
ለጆሮ ሙሉውን ዋጋ ጻፍኩ።

የብየዳ ጭምብል ስድስት አለን፤ ልጆቹ ተራ ይጠብቃሉ።
ግን ተራ የሚጠብቁትም ያያሉ፤
ብርሃኑን ሰርቀው ያዩ ዐይኖች ማታ
አሸዋ ሞልቷቸው ያድራሉ።
ሰባተኛ ጭምብል ትቼ የጠቆረ መጋረጃ ጻፍኩ።

ከዚያ ጓንት።
ያስና አለች፤ አምና የገባች። ጓንቱ ሁሉ ለወደብ ጫኝ መዳፍ የተሰፋ፣
የእርሷ ጣት መሃል ደርሶ ይቀራል፤ ጫፉ ባዶ፣ የተነፋ።
መያዣው ተንሸራቶ አንጓዋን ጠበሳት፣
ከክፍሉ ሁሉ ይበልጥ ብረትን ቀጥ አድርጋ የምትሰፋዋን በእሳት።
ስልክ ደወልኩ። «ሰባት ቁጥር?» ነጋዴው ሳቀ፤ «ለበያጅ?»
«ሳቅህን ስትጨርስ» አልኩት፣ «ስድስት ጥንድ፤ ለበያጅ እጅ።»

ቀጣዩ መስመር፦ «ጓንት፣ ለመሰርሰሪያ»።
ብዕሬ ቆመ። የግራ እጄን አየሁት።
አራት ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጓንቱን የገዛችልኝ እናቴ፣
ሹራብ ሸጣ፣ «እጅህን ጠብቅ» ብላ፣ ለመጀመሪያ ሥራ ዕለቴ።
የሚዞረው ብረት አንድ ክር ያዘ፤ ክሩ ጓንቱን፣
ጓንቱ ጣቴን፣
ጣቴ እኔን።
ባዶ እጅ ቢሆን ኖሮ ቆዳ ነበር የሚላጠው፤
ጓንቱ ግን ታማኝ ነበረና አልለቀቀም፤ ይዞኝ ዞረ እስኪቆርጠው።
ለእናቴ መኪናው ነው አልኳት። ጓንቱ ነው አላልኩም፤
እስክትሞት ድረስ አላልኩም።

በመስመሩ ላይ «ምንም» ብዬ ጻፍኩ።
ዶኛ ኤልሳ «ረሳኸው?» ብትለኝ
እጄን ጠረጴዛዋ ላይ አኖራለሁ።
ለሚወልቅ ነገር ደግሞ ወረቀቱ ዓምድ የለው፤
ቀለበት፣ የኮፍያ ገመድ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተፈታ ጸጉር፦ ዳር ላይ በእርሳስ ጻፍኳቸው።

ድምሩ በሰማንያ ሺህ ፔሶ አለፈ።
የራሴን ጫማ ሰረዝኩ፤ አፍንጫው ቢያልቅም ዓመት ይገፋል ብዬ።
ቆይቼ ሳስበው፣ ልጅ ምክር አይሰማም፣ የመምህሩን እግር ነው የሚያይ፤
መልሼ ጻፍኩት። ጭቅጭቁ ይውደቅ በዶኛ ኤልሳ ላይ።

ማታ ነጋዴው ደወለ፤ ሰባት ቁጥር ከሳንቲያጎ የሚደርሰው በሁለት ሳምንት ነው።
እስከዚያ ብየዳ የለም። ሞረድ ብቻ።
መዳፉ ትልቅ የሆነውም፣ ጓንቱ ልኩ የሆነውም፣
ሁሉም።